የቤት ለቤት ጉብኝት በጎንደር፦ ለአዲስ የማህበረሰብ ጤና ነርስ

ከኮሌጅ ወጥቶ ቀበሌ የተመደበ ነርስን መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው አልጋ አለመኖሩ ነው። ካርድ ክፍል የለም፣ ወረፋም የለም። ታማሚው ቤቱ ነው፤ እንግዳው እናንተ ናችሁ። ሆስፒታል ውስጥ "ልብስህን አውልቅ፣ ተኛ" ትሉ ነበር። እዚህ "ግቡ" እስክትባሉ ደጅ ትቆማላችሁ። ይህን የተቀበለ ሰው ሌላው ይቀልለዋል።

ጎንደር ለሥራው አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አቅራቢያ ባለችው ደምቢያ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ጨርሷል። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እዚያ ነው። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የማህበረሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን (የአካባቢ ንጽህና) ባለሙያዎች ነበሩ። ሦስቱም በቡድን ሆነው ሕዝቡ ያለበት ወርደው እንዲሠሩ ነበር የታሰበው። ሐኪም ብቻውን ወረርሽኝ እንደማያቆም ያኔም ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

ስለ ሙያው መርሆች ብዙ ተምራችኋል፣ አልደግመውም። ቀበሌ ውስጥ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። የምታክሙት ግለሰቡን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን ነው። ከሁሉ የባሰበት ሰው ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚጮኸው እሱ አይደለም። ውሳኔው የቤቱ ሰው ነው። የጀመራችሁትን ደግሞ ሳትጨርሱ አትተዉም። አሁን ወደ ሥራው።

1. ሰፈሩን በእግር እወቁት

ቤት ከማንኳኳታችሁ በፊት ዝም ብላችሁ ዙሩ። ብቻችሁን ግን አይደለም፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሰፈሩን እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለ፣ የትኛዋ ምጥ እንደቀረባት፣ የትኛው ቤት ባል በሌለበት ካልሆነ ሴቲቱ እንደማታወራ ታውቃለች። በዲግሪ ብትበልጧትም ተከተሏት።

ወረቀት ላይ የሰፈሩን ንድፍ ሥሩ። ቦኖው የት ነው? የጎርፍ ቦዩ በማን ደጅ ያልፋል? የጋራ መጸዳጃው ስንት ቤት ይጠቀምበታል? ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ጠላ ቤቱን፣ የቀን ሠራተኛ የሚያድርበትን ቤት ምልክት አድርጉበት። ጎንደር ዳገት ይበዛታል። ካርታ ላይ ጤና ጣቢያው ሥር የሚመስል ቤት፣ የዘጠኝ ወር እርጉዝ በእግሯ የማትደፍረው ጥርጊያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያመልጠው የጓሮው ቤት ነው። ግቢ ገብቶ የቤቱን ባለቤት አናግሮ መውጣት ይቀላል። ከኋላ ግን ተከራይ አለ። አንዱ ክፍል ውስጥ አራስ፣ ሌላው ውስጥ ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ ሥራ የተመለሰ ወጣት። ይህን ልጅ ረጋ ብላችሁ ጠይቁት። "በረሃ ወርደህ ነበር?" በሉት። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና የግራ ጎን ሆዱ ካበጠ ካላዛርን መጠርጠር ግድ ነው። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ካልታከመ ይገድላል። "የወባ መድኃኒት ወስጄ አልተሻለኝም" ካለ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ። ምርመራውም ሕክምናውም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ሩቅ አይደለም፤ ልጁ ብቻ አያውቅም።

2. ማን ይቅደም?

የቀኑን ስም ዝርዝር ጠዋት አውጡ። አዲስ የወለደች እናት ከሁሉ ትቀድማለች። ከዚያ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ ከዚያ ምግብ ያነሰው ሕፃን፣ መድኃኒት ያቋረጠ፣ ከቤት መውጣት የማይችል አዛውንት።

የመንገዱ ቅደም ተከተል ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ከንጹሕ ወደ ተላላፊ ይሄዳል። ጨቅላውን በጠዋት እዩ፣ የቲቢ ታማሚውን መጨረሻ ላይ። የቲቢውን ሰው ሲቻል ግቢ ውስጥ፣ አየር ላይ አናግሩት። ቤቱ ውስጥ አብሮት የሚኖረው ሁሉ እንዲመረመር ንገሩ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በተለይ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ካለ አክታ መስጠት አለበት። "ብርድ ነው" የሚለውን አትቀበሉ። ጎንደር ላይ ሁሉም ሳል ብርድ ይባላል።

3. ቦርሳው

የግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ የክንድ መለኪያ ቴፕ፣ የጽንስ ማዳመጫ፣ የሕፃን ሚዛን፣ ጓንት፣ ጥጥና አልኮል፣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት)፣ ዚንክ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ሽርጥ። የስለት ማስቀመጫ ካርቶን ከያዛችሁ ለብቻው ይሁን። ያገለገለ ዕቃ የሚገባበት ላስቲክም ለብቻው።

ቦርሳው መሬት አይነካም። ወንበር ወይም መደብ ላይ ጋዜጣ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። እጃችሁን ሳትታጠቡ አትክፈቱት። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ዕቃውን አጽዱ፣ ቀጥሎ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ነው ወደ ቦርሳው የሚመለሰው። ሽርጡን የተነካው ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ እጠፉት። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከአንድ ቤት እከክ ይዞ ወደ ሌላው የሚሄደው በእንዲህ ያለ ቸልታ ነው።

የጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። "ውሃ ስጡኝ" ማለት ሊያሳፍራቸው ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ውሃ በፕላስቲክ ያዙ። ከሰጧችሁ ደግሞ አትግደርደሩ። ልጅቷ ጆግ ይዛ እጃችሁ ላይ ስታፈስ ሳሙናውን አውጡና በደንብ ታጠቡ፤ በጣታችሁ መሐል፣ በጥፍራችሁ ሥር። ቤተሰቡ ሁሉ ያያል። ስለ እጅ መታጠብ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም።

4. ደጁ ላይ

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ቤት ሰው አታገኙም። አርብ ቀትር ላይ ሙስሊሙ የሚበዛበት አዲስ ዓለም ሰፈር ሄዳችሁ አባወራውን አትጠብቁ፤ መስጊድ ነው። ዙሪያው ገጠር ቀበሌ ላይ ግን በዓል ጥሩ ነው። በሚካኤልና በማርያም ቀን ገበሬው እርሻ አይወጣም። ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ፣ ሁሉም ቤቱ አለ። ወደ ገጠር ቀበሌ ስትወጡ ስለ መንገዱ ጸጥታ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሳይመሽ ተመለሱ፤ የት እንደሄዳችሁ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

በሩ ክፍት ቢሆንም ዘው አትበሉ። "ቤቶች!" ብላችሁ ቁሙ። ሰላምታው ይርዘም፤ ከብቱም፣ ልጁም፣ ክረምቱም ይጠየቅ። ሴትዮዋን በዕድሜዋ እማማ ወይም እትዬ፣ ሰውየውን ጋሼ ወይም አባባ በሉ። ቄሱን "አባቴ" ብትሉ አትሳሳቱም። በስም ብቻ የጠራችሁት ትልቅ ሰው ቀሪውን ምክር አይሰማችሁም። ከዚያ ማን እንደሆናችሁ፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንደመጣችሁና ለምን እንደመጣችሁ በአጭሩ ተናገሩ። ፎርሙን ቶሎ አታውጡ። ፎርም ያየ ሰው እርዳታ ወይም ግብር ይመስለዋል፤ መልሱም እንደዚያው ይሆናል።

ውሻ ከነከሳችሁ፣ ወይም የቤቱን ልጅ ነክሶ ካገኛችሁ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። በቀጥታ ወደ እብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ሂዱ። ውሻው እስኪታይ ተብሎ አይቆይም።

5. ቡና ላይ የሚወራና የማይወራ

ቡና ከተፈላ ተቀመጡ። አቦሉን ጠጥታችሁ "ይባረክ፣ ሥራ አለብኝ" ብትሉ ማንም አይቀየምም። እስከ በረካ ልቆይ ካላችሁ ግን ሦስት ቤት ብቻ አይታችሁ ይመሻል።

ጎረቤት ሲሰበሰብ የሚወራው አጠቃላይ ነገር ነው። የኩፍኝ ክትባት፣ የውሃ አያያዝ፣ የጤና መድህን እድሳት። የቤተሰብ ዕቅድ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቲቢ፣ የባልና ሚስት ጠብ ቡና ላይ አይነሳም። አማቷ ባለችበት ምራቷን "መርፌሽን ተወጋሽ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ትዳር ያፈርሳል። ዘዴ ፈልጉ። "እስኪ ልጁን ብርሃን ላይ ልየው" ብላችሁ እናቱን ወደ ግቢ ይዛችሁ ውጡ። "ክብደት ልለካሽ" ማለትም ይሠራል። ሁልጊዜ አንድ ቤት ብቻ ደጋግማችሁ መግባታችሁ ራሱ ሐሜት ያመጣል። ስለዚህ የጎረቤቶቹንም ደጅ እግረ መንገዳችሁን ርገጡ።

6. አራስ ቤት

እዚህ ጋ ልቆይ፤ የሥራው ዋናው ቦታ ይህ ነውና። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ብዙ አራስ ከቤት አትወጣም። እሷ ካልወጣች እናንተ ትገባላችሁ። የመጀመሪያው ጉብኝት በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቀጣዩ በሦስተኛው ቀን፣ ሌላው በአንደኛውና በሁለተኛው ሳምንት መሐል፣ የመጨረሻው በስድስተኛው ሳምንት ነው።

መጋረጃው ውስጥ ጨለማ ነው፣ ጭስም ሊኖር ይችላል። ባትሪ ያዙ። ሕፃኑን ከመንካታችሁ በፊት እዩት። እየጠባ ነው? ይንቀሳቀሳል? ፀጥ ባለበት ሰዓት ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ጨቅላ ላይ ያሳስታል። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሙት፤ አሁንም ያው ከሆነ ፈጣን ነው። ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረገደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ጡት መጥባት ካቆመ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ነገ አይባልም።

እናትየዋን ስለ ደም ጠይቁ። ጨርቁን በስንት ሰዓት ትቀይራለች? ሽታ አለው? ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ? ግፊቷንም ለኩ፤ ከወሊድ በኋላም ሊጨምር ይችላል።

ቀጥሎ ቅቤው ይመጣል። ለጨቅላ ጥሬ ቅቤ ማቅመስ በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። እንገሩም "ቆሻሻ ነው" ተብሎ የሚፈስበት ቤት አለ። አያትየዋ ፊት "ይህ ስህተት ነው" ብትሉ ጨዋታው አበቃ። እሷ ናት የቤቱ ሐኪም። መጀመሪያ ያደረገችውን መልካም ነገር አንሱ። ሕፃኑን አሙቃዋለች፣ አራሷን ገንፎ አብልታለች። ከዚያ "እማማ፣ ይህ ቢጫው ወተት የመጀመሪያ ክትባቱ ነው፣ ለእሱ ብቻ እናድርግለት፤ ቅቤው ለእናቱ ይሁን" በሉ። ቅቤውን አላስጣላችሁም፤ ቦታውን ነው የለወጣችሁት። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ላይ ግን መሐል መንገድ የለም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሕፃን ይገድላል። ይህን በአክብሮት ግን በግልጽ ተናገሩ፤ ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው የት መምጣት እንዳለባቸውም አብራችሁ ንገሩ።

7. ልጆች

የክትባት ካርዱን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ ከመታወቂያ ጋር ነው። እንደተወለደ የቲቢና የፖሊዮ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ተከታዮቹ፣ በ9 ወር ኩፍኝ። የ15 ወሩ ሁለተኛ ኩፍኝ ነው በብዛት የሚረሳው። "ጨርሷል" ከተባላችሁ ቀኑን ራሳችሁ አንብቡ።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ይለካል፤ ግራ ክንድ፣ ትከሻና ክርን መሐል፣ ቴፑ ሳይጠብቅም ሳይላላም። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው መካከለኛ። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ ጉድጓድ ሆኖ ከቀረ ክንዱ ወፍራም ቢሆንም ከባድ ነው። ፕላምፒናት (በለውዝ የተሠራው የተጎዳ ሕፃን ምግብ) ከተሰጠው ቤቱ ሄዳችሁ ባዶውን ላስቲክ ቁጠሩ። ለስድስት ልጅ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል። እናትየዋን አትቆጧት፤ እናንተም ብትሆኑ አንዱን አብልታችሁ አምስቱን አታስለቅሱም። ይልቅ "ይህ መድኃኒት ነው" ብላችሁ ለታላላቆቹ ንገሯቸው።

ተቅማጥ ካለ አውርቶ መሄድ ዋጋ የለውም። አብራችሁ በጥብጡ። አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አምጡ፣ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ፣ ንጹሕ ውሃ። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሞላል። ከዚያ እናትየዋን "ለእህትሽ እንዴት ብለሽ ትነግሪያታለሽ?" በሏት። የሳተችውን እዚያው ታገኙታላችሁ።

8. ግፊት፣ ስኳር፣ ጾምና ጸበል

ዳገት ወጥቶ የመጣን ሰው ወዲያው አትለኩ። አምስት ደቂቃ ይረፍ። ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ክንዱ በልብ ቁመት ይሁን። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ከተደገመ ግፊት ነው። 180 በ110 ከደረሰና ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ በዕለቱ ይላካል።

"መድኃኒት ትወስዳለህ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሁሉም "አዎ" ይላል። "እስኪ ላስቲኩን አምጡት" በሉና ክኒኑን ቁጠሩ። የተረፈው ሁሉን ይናገራል። ብዙ ሰው የሚያቆመው ስለተሻለው ነው። ግፊት ሳያምም ይጎዳል፤ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፣ ደጋግማችሁ ንገሩ።

በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይበላ ሰው የጠዋቱን ክኒን ይዘለዋል። ከጾሙ አትጣሉ። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ የሚያክመውን ሐኪም ጠይቁለት። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ ግን ወግቶ ሳይበላ መዋሉ አደገኛ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ካየ ወዲያው ስኳር ይላስ። እዚህ ላይ የንስሐ አባቱ ከእናንተ ይበልጣሉ። ታማሚ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንዲበላ ሲሉት ያምናቸዋል። ከታማሚው ጋር ተስማምታችሁ ሄዳችሁ አማክሯቸው። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ኢንሱሊኑ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ጸበልም እንዲሁ ነው። "ጸበሉን ተው" ያለ ነርስ ታማሚውን ያጣል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። እናንተም "ክኒኑን በጸበሉ ዋጡት" በሉ። ወደ ጸበል ቦታ ሲሄድ የሚበቃውን መድኃኒት ቀድሞ እንዲወስድ አድርጉ።

9. አንድ ነገር ተስማሙ

አንድ ቤት ገብታችሁ አሥር ጥፋት ልታዩ ትችላላችሁ። አሥሩንም አትናገሩ። ዛሬ የሚደረገውን አንድ ነገር ምረጡ፤ ቢቻል እነሱ ይምረጡት። መጸዳጃው ክዳን የለውም፣ ጀሪካኑ አልታጠበም፣ ልጁ ክትባት አልፎታል። የቱ ይቀድማል? ክትባቱ። ሌላው በሚቀጥለው ይነሳል። ማን ይዞት እንደሚሄድና በየትኛው ቀን እንደሆነ ሳይታወቅ አትውጡ። "እሺ" ብቻውን ስምምነት አይደለም። እኛ አገር እንግዳን "እምቢ" አይባልም፤ ስለዚህ "እሺ" ይባላል።

10. ሪፈር

ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ለመላክ ወረቀት ጽፎ መስጠት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ጥያቄ ነው። ማን ያደርሳታል? ታናናሾቹን ማን ይጠብቃል? ብር አለ? የማህበረሰብ ጤና መድህን መታወቂያው ታድሷል? በብዛት ሪፈር የሚቀረው ታማሚው ሰንፎ ሳይሆን ከእነዚህ አንዱ ስላልተመለሰ ነው። ጤና ጣቢያው ጋ ደውላችሁ "ትመጣለች" በሉ። በሁለት ቀን ውስጥ መድረሷን አረጋግጡ። ካልሄደች ምክንያቱን ጠይቁ እንጂ አትውቀሱ።

11. መዝገብ

የቤተሰብ ማህደሩን በዕለቱ ሙሉ። ማታ ቤት ገብታችሁ በትዝታ የምትሞሉት ቁጥር የሦስት ቤት ድብልቅ ነው። ያገኛችሁት፣ ያደረጋችሁት፣ የተስማማችሁት፣ የምትመለሱበት ቀን፤ አራቱ ካሉ ይበቃል። ሪፖርት እንዲያምር የተጻፈ ነገር ለማንም አይጠቅምም።

መዝገቡ ሌላም ነገር ያሳያል። በአንድ መንደር ሦስት ቤት ተመሳሳይ ተቅማጥ ካያችሁ ችግሩ የቤቱ ላይሆን ይችላል፤ ውሃውን ተከተሉ። አዋቂ ሰው ላይ የሩዝ ውሃ የመሰለ ከባድ ተቅማጥ፣ ትኩሳት ያለው ሽፍታ፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እግር ወይም እጅ በድንገት መልፈስፈስ፤ እነዚህ የወር ሪፖርት አይጠብቁም። በ30 ደቂቃ ውስጥ ለጤና ጣቢያው ይደወላል። ማረጋገጫ ሳይኖራችሁም ደውሉ፤ ማረጋገጥ የላቦራቶሪው ሥራ ነው። የደወላችሁበትን ሰዓትና የተቀበላችሁን ሰው ስም ማህደሩ ጠርዝ ላይ ጻፉ።